ብሩኖ ዋልተርና የመምህሩ አደራ

የሙዚቃ ደራሲ ሲሞት በወረቀት ላይ የጻፈው ኖታ ይቀራል። ነገር ግን ኖታው የሚያሰማው ሰው ካላገኘ እንደ ተዘጋ መጽሐፍ ነው። ለደራሲው ለጉስታፍ ማህለር ይህን ውለታ የዋለለት ደቀ መዝሙሩ ብሩኖ ዋልተር ነው።

ዋልተር በ1876 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በበርሊን ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ1894 በሐምቡርግ ኦፔራ ቤት ሥራ ሲጀምር ከማህለር ጋር ተዋወቀ፤ በ1901ም ማህለር ወደ ቪዬና አስጠርቶ ረዳቱ አደረገው።

ማህለር በ1911 ሲሞት ዘጠነኛውን ሲምፎኒ ጽፎ ጨርሶ ነበር፤ ሆኖም ሲጫወት በጆሮው ሳይሰማው ቀረ። በሚከተለው ዓመት ይህን ሥራ በቪዬና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሰማው ዋልተር ነው።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ዋልተር በላይፕዚግ የነበረውን ሥራ አጥቶ ወደ ኦስትሪያ ሄደ። በዚያም ጥር 16 ቀን 1938 የቪዬናን ፊልሐርሞኒክ እየመራ ያንኑ ሲምፎኒ በሕዝብ ፊት ሲያሰማ በሸክላ ተቀዳ። በዚያ ዘመን አንድ የሸክላ ገጽ የሚይዘው ከአራት ደቂቃ ብዙም ስለማይበልጥ፣ ሰባ ደቂቃ ያህል የሚፈጀው ሥራ 10 ሸክላ በሁለት በሁለት ገጽ ፈጀ። የተቀዳው ሕዝብ በተሰበሰበበት ስለ ሆነ የአድማጮቹ ሳል ሳይቀር ይሰማል።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 12 ቀን፣ የጀርመን ጦር ኦስትሪያ ገባ። ዋልተር በውጭ አገር ስለ ነበር ተረፈ፤ በቪዬና የነበረች ልጁ ግን ታስራ በኋላ ተለቀቀች። ከ1881 ጀምሮ የኦርኬስትራው አንደኛ ቫዮሊን የነበረው የማህለር እኅት ባል አርኖልድ ሮዜ ከሥራው ተባሮ ለንደን በስደት ሞተ፤ ልጁ አልማም በ1944 በአውሽቪትዝ ሕይወቷ አለፈ። ከኦርኬስትራው አባሎች አምስቱ በእስር ካምፕ ሞቱ። የማህለርም ሙዚቃ በዚያ አገር ተከለከለ። በአዳራሹ የተከለከለው ድምፅ ግን አስቀድሞ በሸክላ ተቀድቶ ነበር።

ዋልተር በ1939 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1961፣ ዕድሜው 84 ሲሆን፣ ያንኑ ሲምፎኒ በካሊፎርኒያ እንደ ገና አስቀዳ። አዲሱ ሸክላ ድምፁ የጠራ፣ አካሄዱም ረጋ ያለ ሲሆን 80 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የፊተኛው ግን ፈጠን ያለና የሻከረ ነው። ሁለቱን አከታትሎ የሚሰማ ሰው በመካከላቸው ያለፉትን 23 ዓመታት ሊያስብ ይችላል፤ በ1961 በፊቱ ከተቀመጡት ተጫዋቾች መካከል እነ ሮዜ አልነበሩምና።

ዋልተር ሁለተኛውን ባስቀዳ በዓመቱ፣ የካቲት 17 ቀን 1962፣ በቤቨርሊ ሂልስ ዐረፈ። የተቀበለውንም አደራ ለመምህሩ ጠብቆ፣ ለሚመጣው ትውልድ አስረክቦ ሄደ።