ዣን ፒየር ቧዬና የነጻነት ዋጋ

ዣን ፒየር ቧዬ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1776 ዓ.ም. በፖርቶፕሬንስ ተወለደ። አባቱ ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ፥ እናቱ አፍሪካዊት ነበሩ። የሄይቲ ባሮች ጌቶቻቸውን ድል መትተው በ1804 ነጻነታቸውን ቢያውጁም፥ ከመንግሥታት አንዱም እንኳ በይፋ አላወቀላቸውም ነበር። ስለዚህ ቧዬ በ1818 ፕሬዚዳንት ሲሆን ዋናው ጭንቀቱ ይኸው ሆነ።

መልእክተኞች ወደ ፈረንሳይ ቢልክም አልተሳካለትም። በ1825 ግን 14 የጦር መርከቦች የንጉሥ ሻርል 10ኛን ትእዛዝ አጅበው መጡ፤ ነጻነቱ የሚታወቀው ለቀድሞዎቹ ባለርስቶች 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ በአምስት ዓመት ሲከፈል ነው። ቧዬም ተቀበለ። ለመጀመሪያው ክፍያ ከፓሪስ ባንኮች 30 ሚሊዮን ተበደረ፤ አበዳሪዎቹም 6ቱን ሚሊዮን አስቀድመው አስቀሩ። በ1838 ቀሪው ዕዳ ወደ 60 ሚሊዮን ዝቅ ቢል፥ የግብር ሸክም ያጐበጠው ገበሬ አላረፈም።

በ1843 ሕዝብ ተነሥቶበት ተሰደደ፤ በ1850 በፓሪስ ሞተ። አሜሪካ ሄይቲን ያወቀችው በ1862፥ ከዚያ ካሣ የተወለደው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ1947 ነው።

እኛ ቧዬን ፈሪ ለማለት አንደፍርም፤ በመድፍ አፍ ፊት ቆሞ ነበርና። ነገር ግን በደም የተገዛ ነጻነት ሁለተኛ በገንዘብ ሲገዛ፥ ከፋዩ ፈራሚው ሳይሆን ገበሬው መሆኑን ከታሪኩ እንማራለን።