ኒኮላይ ቫቪሎቭና የደጋችን ገብስ

በዚህ እትም የምናወጋችሁ ስለ አንድ ሩሲያዊ የእርሻ ሊቅ ነው። የሴቶች ማኅበር ጋዜጣ ስለ ባዕድ ወንድ ለምን ይጽፋል የምትል አባል አትጠፋም። ምክንያታችን ገብስ ነው። ከፋርጣ እስከ ላይ ጋይንት፣ በጉና ዙሪያ ያለን ሴቶች ለዘር፣ ለቆሎ፣ ለበሶ፣ ለጠላ እያልን ለይተን የምናስቀምጠው ገብስ የዓለም ሀብት መሆኑን ቀድመው ከተናገሩት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ በ1887 ሞስኮ ተወለዱ። አባታቸው ከገበሬ ቤተሰብ ወጥተው ነጋዴ የሆኑ ሰው ነበሩ። ልጁ ገና ትንሽ ሳሉ፣ በ1891 እና 1892፣ ሩሲያን ከባድ ረሃብ መታት። ካደጉ በኋላ ሞስኮ ውስጥ እርሻ ተማሩ፤ በ1913 ደግሞ ወደ እንግሊዝ ሄደው ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ስለ ዘረመል አጠኑ። በ1917 በሳራቶቭ ከተማ መምህር ሆኑ። ይህችን ከተማ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን። በ1921 ወደ ፔትሮግራድ፣ ማለትም በኋላ ሌኒንግራድ ወደተባለችው ከተማ ተዛውረው የአገሪቱን የሰብል ምርምር ተቋም መምራት ጀመሩ።

ሐሳባቸው እንዲህ ነበር፦ የአንድ ሰብል ዓይነት እጅግ የበዛበት አገር ፈልግ፤ በሽታን፣ ውርጭን፣ ድርቅን የሚችለውን ዘር እዚያ ታገኛለህ። ለዚህም በአምስት አህጉራት ዞሩ። ኢትዮጵያ የገቡት በ1926 መጨረሻ ላይ በጅቡቲ በኩል ነው። አዲስ አበባ ላይ ራስ ተፈሪን አግኝተው ፈቃድ ከተቀበሉ በኋላ በበቅሎ ጉዞ ጀመሩ፤ በአንኮበር፣ በጎንደር፣ በአክሱም አድርገው በ1927 የጸደይ ወራት በኤርትራ በኩል ወጡ። ከጉዟቸው የወሰዱት የዘር ናሙና ከ6,000 ይበልጣል። የስንዴውና የገብሱ ብዛት አስደነቃቸው፤ ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ቅርፊት ያለው፣ የሌለው፣ ሁሉም በአንድ ማሳ ተቀላቅሎ ይበቅል ነበርና። ገብስ መጀመሪያ የተለመደው በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑን የኋላ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ብዝኃነቱ እዚህ መሆኑን ግን ማንም አላስተባበለም። ያንን ሁሉ ዓይነት ከዓመት ዓመት መርጦ ያቆየው ማን እንደሆነ፣ ጎተራ ከፍታ ዘር የቆጠበች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።

ቫቪሎቭ በእህል ውስጥ ያለው ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ያውቁ ነበር። የሚተላለፈው በምን እንደሆነ ግን በዘመናቸው አልተለየም። እሳቸው በሞቱ በዓመቱ፣ በ1944፣ አሜሪካ ውስጥ የነኦስዋልድ ኤቨሪ ቡድን ነገሩ ዲ.ኤን.ኤ. መሆኑን አሳየ፤ በ1953 ደግሞ ቅርጹ ታወቀ። ለዚያ ቁልፍ የሆነው የራጅ ምስል የተገኘው ከሮዛሊንድ ፍራንክሊን ቤተ ሙከራ ነው። እሷ በ37 ዓመቷ በ1958 አረፈች፤ የወንዶቹን ያህል ስሟ የተነሣው ብዙ ቆይቶ ነው።

ዲ.ኤን.ኤ. እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ሁለት ክር ነው። በክሮቹ ላይ አራት ዓይነት ፊደላት ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱም ፊደል ከፊት ለፊቱ የራሱ ጓደኛ አለው። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ክሮቹ ይለያያሉ፤ እያንዳንዱም የጎደለውን ጓደኛ መጻፊያ ይሆናል። ሥራው በአገራችን ብራና ከሚገለብጥ ጸሐፊ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ገልባጩ ኢንዛይም ከ100,000 ፊደል አንዱን ያህል ይስታል። ወዲያው ወደ ኋላ ተመልሶ የሳተውን ይፍቃል፤ ያመለጠውን ሌሎች አራሚዎች ተከትለው ያርማሉ። በመጨረሻ የሚቀረው ስሕተት ከቢሊዮን ፊደል አንድ ገደማ ነው። የአንድ የገብስ ሕዋስ መጽሐፍ 5 ቢሊዮን ፊደል ያህል እንዳለው ስናስብ፣ እንዲህ ጥንቁቅ ጸሐፊ በየትኛውም ደብር አይገኝም።

መጽሐፉ ሳይገለበጥም ይጎዳል። የደጋ ፀሐይ፣ ሙቀት፣ እርጥበት ፊደሉን ይሰብሩታል። በሕይወት ያለ ሕዋስ ግን እየተከታተለ ይጠግናል፤ ይህን አሠራር የገለጡ ሦስት ሊቃውንት በ2015 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የደረቀ ዘር ይህን አይችልም። ጎታ ውስጥ ተኝቶ ጉዳቱ ይጠራቀምበታል፤ ጥገናው የሚጀምረው ውኃ ሲያገኝ ነው። ለብቅል ገብስ ስንዘፈዝፍ፣ ቡቃያው ሳይታይ በፊት ባሉት ሰዓታት፣ ውስጥ ለውስጥ የሚካሄደው አንዱ ሥራ ይህ ነው፦ ዘሩ የተሰበረውን ሳይጠግን መገልበጥ አይጀምርም። ጉዳቱ ከበዛበት ደግሞ አይበቅልም። የቆየ ገብስ ብቅል አይሆንም የሚሉት እናቶቻችን ይህንኑ በዓይናቸው አይተው ነው። ለዘር የሚቀመጠው እህል በደንብ ይድረቅ፣ ከሙቀት ይራቅ የምንለውም ለዚሁ ነው፤ በደረቀና በቀዘቀዘ ዘር ውስጥ ጉዳቱ ቀስ ይላል።

ከአራሚ የሚያመልጥ ስሕተት ሁሉ ክፉ አይደለም። ቅጠልን ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስል የሻጋታ በሽታ አለ። ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ ገብስ ላይ ይህን በሽታ የሚመክት ለውጥ ተገኘ። ለውጡ፣ ኤምኤልኦ የሚባል ጂን ቁራሽ ደጋግሞ ተገልብጦ ከዋናው ጂን ጎን በመደርደሩ የመጣ ነው፤ ድርድሩ የዋናውን ጂን ሥራ ያደናቅፋል፣ ሻጋታውም መግቢያ ያጣል። አንድ ጸሐፊ አንድ መስመር ደጋግሞ ቢጽፍ ማለት ነው። ያንን ገብስ ለይቶ ያቆየው ገበሬና ሚስቱ የጂን ስም አልሰሙም፤ ዛሬ ግን በብዙ የአውሮፓ ገብስ ውስጥ ያ ለውጥ አለ።

ወደ ቫቪሎቭ እንመለስ። ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ ሰው ጂን የሚባል ነገር የለም፣ ሰብልን በአያያዝ ብቻ በአጭር ጊዜ መለወጥ ይቻላል እያለ ተነሣ። መጀመሪያ ላይ ቫቪሎቭ ራሳቸው ደግፈውት ነበር፤ ደግነታቸው ጎዳቸው ብንል አናጋንንም። ስታሊን ፈጣን መከር ይፈልግ ስለነበር ሊሴንኮን ሰማ። ቫቪሎቭ ግን ያዩትን አልካዱም። ነሐሴ 1940 ዩክሬን ውስጥ ዘር እየሰበሰቡ ሳሉ ተያዙ። በ1941 ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ በኋላ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። ጥር 26 ቀን 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ተጎሳቁለው ሞቱ። ሕዝብ እንዳይራብ ዘር ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸው።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር። የተቋሙ ሠራተኞች ሩዝ፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ በየመደርደሪያው ሞልቶ ሳለ አንዷን ፍሬ ሳይቀምሱ የዘሩ ጠባቂ ሆኑ፤ ከመካከላቸው በረሃብ የሞቱ አሉ። ልጆቿ ሲራቡ እንኳ የዘር ቁና የማትነካ እናት በደጋችን አለችና ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤሌና ባሩሊና ራሳቸው የምስር ሊቅ ነበሩ። በጦርነቱ ወቅት ከልጃቸው ጋር ሳራቶቭ ተጠልለው፣ ከራሳቸው አፍ ቀንሰው ለባላቸው ስንቅ ወደ ሞስኮ ይልኩ ነበር፤ ባላቸው በእግር በሚደረስበት ቅርበት፣ እዚያው ከተማ ታስረው መሆኑን ሳያውቁ። የቫቪሎቭ ስም በ1955 ሲታደስ በሕይወት ነበሩ፤ በ1957 አረፉ። በ1930 ባወጡት የምስር ጥናት የኢትዮጵያን ምስር ለብቻው ምድብ አድርገው ሰይመውታል፤ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ያንን ስም ሲጽፉ የእሳቸውን ስም አብረው ይጽፋሉ።