ከጎጆው የራቀው ሰው

አንድ የእርሻ ባለሙያ ብቻውን በእግሩ ናትሮን ሐይቅ ጭቃ ውስጥ ገባ። ዘመኑ 1954 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ቦታው የዛሬዋ ታንዛኒያ። ፍላሚንጎዎች የት እንደሚፈለፍሉ ማየት ፈልጎ ነው። ቅርብ የመሰለው ሩቅ ሆነበት። የሐይቁ ሶዳ ጫማው ውስጥ ገብቶ እግሩን ላጠው። እንደምንም ወጥቶ ሆስፒታል ገባ፤ የዳነውም ከሌላ አካሉ ቆዳ እየተወሰደ ተለጥፎለት ነው።

ሌስሊ ብራውን ይባላል። በ1917 ህንድ ውስጥ ከስኮትላንዳውያን ወላጆች ተወለደ። ናይጄሪያ ሠርቶ ኬንያ ገባ፤ እዚያም በእርሻ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ኃላፊ እስከ መሆን ደረሰ። የሥራው ጉዳይ መሬትና ሰብል ቢሆንም ልቡ ያለው ንስር ላይ ነበር። ኤምቡ አካባቢ ብዙ ዓይነት ንስሮች አብረው የሚኖሩበት አንድ ኮረብታ አገኘና ዓመት ቆጥሮ እየተመለሰ ያያቸው ጀመር። የትኛው ጥንድ ጣለ፣ የትኛው ሳይጥል ከረመ፣ ስንት ጫጩት በረረ፤ ይህን ነው የሚጽፈው። አሰልቺ ይመስላል። እውቀቱ የመጣው ግን ከዚህ ነው።

ወደ እኛም መጥቷል። በ1960ዎቹ ባሌ ወጥቶ የደጋ አጋዘንን አጠና፤ ቦታው ፓርክ እንዲሆን ከመከሩት አንዱም እሱ ነው። የጉዞውን መጽሐፍ በ1965 አሳተመ። በ1971 ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ከነበረው ከኤሚል ኧርባን ጋር የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር አወጡ።

ታዲያ ይህ ሰው ዛሬ ለምን ትዝ አለን? ካሜራ የያዘ ሰው መንዝን እያዘወተረ ስለመጣ ነው። ጓሳ ላይ ጭላዳ ሊያነሳ የወጣ ሰው ቀና ሲል ገደሉ ላይ ጀርባው ነጭ የሆነውን ጥቁር ንስር ያያል፤ ሽኮኮ አዳኙን ማለት ነው። አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረው ጢማሙ አሞራም ያልፋል። በዘመሮ በኩል ወደ ቆላው ሲያዩም ገደል ነው፣ ገደል ካለ ደግሞ ጎጆ አይጠፋም። ያኔ እጅ ይበላል። ትንሽ ጠጋ ልበል ይላል ሰው፤ ወይም ድሮን ያስነሳል፤ ወይም ለአንድ እረኛ ሳንቲም ሰጥቶ በድንጋይ ያስነሳለታል።

የብራውን ማስታወሻ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ዘውዳማ የሚባለውን ትልቅ የጫካ ንስር ኬንያ ውስጥ ለዓመታት ተከታትሎ ያገኘው ይህ ነው፦ እናቲቱ ሰባት ሳምንት ያህል ትታቀፋለች። ጫጩቱ ከሦስት ወር በላይ ጎጆ ውስጥ ይቆያል። ከበረረም በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴ ወደ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ የሚያበሉት ወላጆቹ ናቸው። ስለዚህ የተሳካላቸው ጥንዶች የሚጥሉት በሁለት ዓመት አንዴ ነው። የእኛ ጥቁር ንስር በየዓመቱ መጣል ቢችልም ከሁለቱ እንቁላሎች የሚያድገው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጫጩት ብቻ ነው፤ ታላቁ ታናሹን ቀጥቅጦ ይገድለዋል። እናቲቱ ደንግጣ ስትነሳ እንቁላሉ በደጋ ብርድ ይቀዘቅዛል፣ ወይም ቁራ ይደርስበታል። ላባ ያላወጣ ጫጩት ደግሞ ፀሐዩን አይችለውም። ለፎቶው ግማሽ ሰዓት፣ ለንስሩ ዓመት እኮ ነው።

ፈረንጆቹም ጎጆ መጠጋት ዋጋ እንዳለው ያውቃሉ። ስመ ጥሩው የወፍ ፎቶ አንሺ ኤሪክ ሆስኪንግ በ1937 ጉጉት ጎጆ አጠገብ ግራ ዓይኑን አጥቷል። ጉጉቷ ልጆቿን መጠበቋ ነው፤ ማን ይፈርድባታል?

ንስር ማንሳት ክልክል ነው ያለ የለም። ከገደሉ ማዶ ተቀምጦ ረጅም ሌንስ መያዝ፣ ወፉ ራሱ ሲያልፍ መጠበቅ፣ የጎጆውን ቦታ በፌስቡክ አለመለጠፍ ነው። አንገቱን አስግጎ ካየን፣ ከጎጆውም ብድግ ካለ፣ ቀርበናል ማለት ነውና ወደ ኋላ መመለስ ነው። መጠበቁ ይሰለቻል፤ ብራውን ግን ያንን ኮረብታ የጠበቀው በዓመታት ነበር።

በ1980 ኬንያ ውስጥ አረፈ። ከኧርባንና ከኬኔት ኒውማን ጋር ያዘጋጀው ትልቁ የአፍሪካ ወፎች መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ በ1982 ታተመ፤ እሱ አላየውም። ንስሮቹ ያሉት በዚያው ቅጽ ነው።