የአበበ ቢቂላ የሩጫ ጅማሬ

የአበበ ቢቂላ ስም ሲነሳ ሁላችንም ቀድሞ ትዝ የሚለን በባዶ እግሩ መሮጡ ነው። ከዚያ በፊት ስለነበረው ልፋት ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ጅማሬውን ባጭሩ እናቀርብላችኋለን።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ ጃቶ በተባለ ቀበሌ ተወለደ። በልጅነቱ እንደ ማንኛውም የደጋ ልጅ የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። እኛ የአምባ ጊዮርጊስና የዳባት ልጆች እንደምናውቀው ይህ ጨዋታ በሰፊ ሜዳ ላይ ብዙ የሚያስሮጥ ነው። ካደገም በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጠረ።

በዚያን ጊዜ በክብር ዘበኛ ሯጮች መካከል ስሙ የገነነው ዋሚ ቢራቱ ነበር። አበበን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ጽናቱን ተመልክቶ ያሠለጥነው ጀመር። አበበም በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው ዳገትና ቁልቁለት፣ አንዳንዴ በጫማ፣ አንዳንዴ በባዶ እግሩ እየሮጠ ሰውነቱን አጠነከረ። ከሮም ኦሎምፒክ ጥቂት ሳምንታት በፊት አዲስ አበባ ላይ ማራቶን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ጨረሰ። ይህ ከዚያ ቀደም ከነበረው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር። ለውጭው ዓለም ግን ስሙ አሁንም እንግዳ ነበር።

ሮም ከደረሰ በኋላ የተገኘለት አዲስ ጫማ እግሩን አልተስማማውም። ስለዚህ አስቀድሞ የለመደውን መረጠና በባዶ እግሩ ተሰለፈ። ዕለቱ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። በሀገራችን ችቦ በሚበራበት በዚያ ምሽት፣ በሮምም ወታደሮች ችቦ ይዘው ለሯጮቹ መንገዱን ያበሩ ነበር። ከ69ኙ ተወዳዳሪዎች መካከል እስከ መጨረሻው አብሮት የዘለቀው ሞሮኳዊው ራህዲ ነው። ፋሺስቶች ከአክሱም ወስደው ሮም ላይ ያቆሙት ሐውልት ዘንድ ሲደርሱ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ። ቀድሞም ከአሠልጣኙ ጋር የመከረው ይህንኑ ነበር። ራህዲን በ25 ሰከንድ ያህል ቀድሞ፣ በንጉሥ ቆስጠንጢኖስ የድል በር ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ይህም በዓለም ከዚያ በፊት ከተሮጠው ማራቶን ሁሉ የፈጠነ ሆነ። ያ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመልሷል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በቶኪዮ ዳግመኛ አሸነፈ። በዚያን ጊዜ ጫማ አድርጎ ነበር። እንግዲህ ድሉ የባዶ እግር ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን። በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ መራመድ ተሳነው፤ ቢሆንም በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈና በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን! ከእኛ መካከል ፈተና ስለወደቅን ወይም ሃያ ዓመት ስለሞላን ጊዜያችን አለፈ ብለን እጃችንን አጣጥፈን የተቀመጥን አለን። አበበ ሮም ላይ ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር። ማንም ሳያውቀው በዳገቱ ላይ ባይለፋ ኖሮ የሮም ምሽት ዝግጁ ሆኖ ባላገኘው ነበር። እኛም ተመልካች ባይኖረን እንኳ የጀመርነውን ትምህርትና ሥራ ከዛሬ ጀምረን እንበርታበት።