ይድነቃቸው ተሰማ እና የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና

የዓለም ወጣቶች እግር ኳስ ሻምፒዮና ሲነሳ የብዙው ስፖርት አፍቃሪ ሃሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ዲያጎ ማራዶና ነው። ማራዶና እ.ኤ.አ በ1979 ጃፓን ላይ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ አርጀንቲናን ለዋንጫ አብቅቶ ዓለምን ጉድ ያሰኘው በዚሁ ውድድር ነበርና። ነገር ግን ውድድሩ ከጃፓን በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እዚሁ በአፍሪካ ምድር ቱኒዚያ ውስጥ መሆኑን የሚያስታውስ ብዙ አይደለም። በዚያን ወቅት የአፍሪካን እግር ኳስ የሚመሩት ሰው ደግሞ ኢትዮጵያዊው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በመስከረም 1921 በጅማ ከተማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ዜማቸውን በሸክላ በማስቀረጽ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። ልጅየው ግን ልባቸውን የሰጡት ለኳስ ሆነ። በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲማሩ ኳስን ተዋወቁ፤ በ1935 አራዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲመሰረትም ገና በ14 ዓመታቸው ቡድኑን ተቀላቀሉ።

ብዙም ሳይቆይ ፋሺስት ጣሊያን አገሪቱን ያዘ። በወረራው ዘመን ነጭና ጥቁር አንድ ሜዳ ላይ እንዲጫወቱ አይፈቀድም ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም እንኳ ተቀይሮ “ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር” እንዲባል ተደርጓል። በገዛ አገሩ በቀለሙ ምክንያት ከሜዳ የተገለለ ወጣት ምን እንደሚሰማው አቶ ይድነቃቸው ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በራሳቸው ላይ ደርሶ ነው። ከነጻነት በኋላ ቅዱስ ጊዮርጊስ የጣሊያኖቹን ፎርቲቱዶን፣ የአርመኖቹን አራራትንና የግሪኮቹን ኦሎምፒያኮስን እየገጠመ ሲያድግ አቶ ይድነቃቸው ጎል አዳኝ አጥቂ ሆነው ለ23 ዓመታት የዚያን ክለብ መለያ ለብሰዋል። ለብሔራዊ ቡድኑም ተሰልፈው ተጫውተዋል።

ሰውየው ግን ተጫዋች ብቻ አልነበሩም። የአገሪቱ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመስራቾቹ አንዱ ነበሩ። የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ መልሰው ዳኛውም ተጫዋቹም በራሱ ቋንቋ እንዲረዳው አድርገዋል። ጫማ ከሰቀሉ በኋላ ደግሞ ወደ አሰልጣኝነቱ ዞሩ። ጥር 1962 አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የተባበረችው አረብ ሪፐብሊክን (የዛሬዋን ግብጽ) በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ አሰልጣኙ እሳቸው ነበሩ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ ደግማ አላገኘችውም።

በአህጉር ደረጃ ስማቸው የገነነው ደግሞ በካፍ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1957 ካርቱም ላይ ሲመሰረት መስራቾቹ ኢትዮጵያ፣ ግብጽ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጪ ሆነች። አቶ ይድነቃቸው በዚህ ጉዳይ ላይ ፍንክች የሚሉ ሰው አልነበሩም። በፊፋ ስብሰባዎች ላይ ይህንኑ ጥያቄ ሳይሰለቹ ሲያነሱ ኖረው በ1976 ፊፋ ሞንትሪያል ላይ ደቡብ አፍሪካን ሙሉ በሙሉ አባረራት።

ሌላው ትግላቸው የቦታ ጉዳይ ነው። ለ1966ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ከነበሩት 16 ቦታዎች አንዱም እንኳ በቀጥታ ለአፍሪካ አልተሰጠም። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋር እንደገና ተጋጥሞ ማለፍ ነበረበት። በዚህ የተቆጡት የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ረግጠው ወጡ። አቶ ይድነቃቸው ከዚህ አድማ ግንባር ቀደም ሰዎች አንዱ ነበሩ። ውጤቱም ለመታየት አልዘገየም፤ በ1970 አፍሪካ አንድ የራሷ ቦታ አገኘችና ሞሮኮ ወደ ሜክሲኮ ተጓዘች። በ1982 ደግሞ የዓለም ዋንጫው ወደ 24 ቡድን ሲያድግ የአፍሪካ ቦታ ሁለት ሆነ።

አቶ ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት የሆኑት በ1972 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ብራዚላዊው ዣኦ ሃቬላንጅ እንግሊዛዊውን ሰር ስታንሊ ሮውስን አሸንፈው የፊፋን ወንበር ሲይዙ የአፍሪካ ድምጽ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ሃቬላንጅ በምርጫ ዘመቻቸው ለታዳጊ አገሮች ከገቧቸው ቃሎች አንዱ ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች የሚወዳደሩበት የዓለም ሻምፒዮና ማዘጋጀት ነበር። ሐሳቡ ለአፍሪካ በጣም የሚመች ነው። በዋናው ዓለም ዋንጫ አንድ ቦታ ብቻ ላለው አህጉር ልጆቹን ለዓለም የሚያሳይበት ሌላ መድረክ ተገኘለት ማለት ነውና።

እንግዲህ ያ ውድድር ነው ሰኔ 1977 ቱኒዚያ ላይ የተጀመረው። 16 ቡድኖች በአራት ምድብ ተከፍለው ተጫወቱ፤ ወደ ግማሽ ፍጻሜ የሚያልፈው ከየምድቡ አንደኛ የወጣው ብቻ ነበር። አፍሪካን የወከሉት አዘጋጇ ቱኒዚያ፣ ሞሮኮና አይቮሪኮስት ሦስቱም ከምድባቸው ሳያልፉ ቀሩ። ዋንጫውን ቱኒስ ላይ ያነሳችው ሶቪየት ኅብረት ናት፤ ሜክሲኮን 2 ለ 2 ከተለያየች በኋላ በመለያ ምት 9 ለ 8 ረታለች። የአፍሪካ ቡድኖች ውጤት ባያምርም አህጉሩ የፊፋን ውድድር ማስተናገድ እንደሚችል ግን ታየ።

ካፍ በዚህ አላበቃም። በ1979 የራሱን የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮና ጀመረ። ቡድኖች በደርሶ መልስ እየተጋጠሙ ለዓለም ሻምፒዮና የሚያልፉበት ውድድር ነው። በዚህ መንገድ አልጄሪያና ጊኒ ጃፓን ደረሱ። አልጄሪያ ሩብ ፍጻሜ ብትገባም የማራዶና ቡድን 5 ለ 0 አሰናበታት። ልዩነቱ ገና ሰፊ ነበር።

ስድስት ዓመት ቆይቶ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ፊፋ በ1985 ቻይና ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ታዳጊዎችን የዓለም ሻምፒዮና ሲጀምር ከአፍሪካ ናይጄሪያ፣ ጊኒና ኮንጎ ተሰለፉ። ናይጄሪያና ጊኒ ግማሽ ፍጻሜ ላይ እርስ በርስ ተገናኙና ናይጄሪያ በመለያ ምት አለፈች። ነሐሴ 11 ቀን ቤጂንግ ላይ ደግሞ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ይህ አንድ አፍሪካዊ አገር ያገኘው የመጀመሪያው የፊፋ የዓለም ዋንጫ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ቀጥተኛ ቦታ እንኳ አይገባችሁም ተብሎ የነበረ አህጉር በልጆቹ ዓለምን አሸነፈ። ያኔም የካፍ ፕሬዚዳንት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ።

ይሁን እንጂ እሳቸው በደስታ ብቻ የሚሰክሩ ሰው አልነበሩም። ሌላውን የሚያስፈነድቀው ነገር እሳቸውን ያሰጋቸው ነበር። የአውሮፓ ክለቦች ጥሩ ጥሩውን ተጫዋች እየመረጡ መውሰዳቸው ከቀጠለ አፍሪካ ቡናዋንና ማዕድኗን ጥሬውን እንደምትልከው ሁሉ ተጫዋችም ጥሬውን የምትልክ ገበያ ሆና ትቀራለች ብለው ይሰጉ ነበር። የአህጉሩ ሊጎችና ስታዲየሞች ባዶ ይሆናሉ የሚል ሃሳብ ነበራቸው። በዚህ አቋማቸው የማይስማሙ ነበሩ። ተጫዋቹ የላቡን ዋጋ የትም ሄዶ ማግኘት መብቱ ነው የሚሉት ተቃዋሚዎቻቸውም ቢሆኑ የያዙት ቀላል ነገር አልነበረም። ልጁ ድሃ ቤተሰብ አለው፣ ክለቡ ደግሞ የሚከፍለው የለውም። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ መቋጫ አላገኘም። የወጣቶች ሻምፒዮና ራሱ ከጊዜ ወደ ጊዜ የአውሮፓ ተጫዋች መልማዮች የሚሰበሰቡበት ገበያ ሆኗል።

ሐምሌ 1987 ካናዳ ላይ በተካሄደው ሁለተኛው የታዳጊዎች ሻምፒዮና ናይጄሪያ እንደገና ለፍጻሜ ደርሳ በመለያ ምት በሶቪየት ኅብረት ተሸነፈች። አይቮሪኮስት ሦስተኛ ወጣች። ከዓለም ሦስት ምርጥ ቡድኖች ሁለቱ አፍሪካውያን ሆኑ ማለት ነው። ይህ በሆነ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1987፣ አቶ ይድነቃቸው በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ለ15 ዓመታት የያዙትን የካፍ ፕሬዚዳንትነት እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቁም ነበር። በንጉሡ ዘመን የተረከቡትን ኃላፊነት በደርግ ዘመንም ይዘው ቀጥለዋል።

የሚያሳዝነው የገዛ አገራቸው ወጣቶች በዚህ መድረክ ላይ ሳይታዩ ማለፋቸው ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰችው እሳቸው ካረፉ ከ14 ዓመት በኋላ በ2001 ነው። በዚያ ዓመት የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮናን ራሷ አዘጋጅታ አራተኛ በመውጣት ከአንጎላ፣ ከጋናና ከግብጽ ጋር ወደ አርጀንቲና አለፈች። እዚያ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፋ ብትመለስም አብረዋት የሄዱት ጋና ሁለተኛ፣ ግብጽ ሦስተኛ ሆነው ተመልሰዋል።

ከዚያ ወዲህ ጋና በ2009 ካይሮ ላይ ብራዚልን፣ ሞሮኮ ደግሞ በ2025 ቺሊ ላይ አርጀንቲናን አሸንፈው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን ወስደዋል። ናይጄሪያም የታዳጊዎቹን ዋንጫ አምስት ጊዜ አንስታለች። አፍሪካ ቦታ ከተሰጣት ታሸንፋለች የሚለው የአቶ ይድነቃቸው እምነት ትክክል እንደነበር እነዚህ ዋንጫዎች ይመሰክራሉ። ስጋታቸውም ቢሆን ከንቱ አልነበረም፤ ዋንጫውን ያነሱት ልጆች አብዛኞቹ እንጀራቸውን የሚያገኙት ከአህጉሩ ውጪ ነው። ለኢትዮጵያ የቀረው የቤት ሥራ ደግሞ ከሁሉም የሚቀድመው ነው። እሳቸው ያስገኙት ቦታ አለ፤ ቦታውን የሚሞላ ታዳጊ ግን ከየሰፈሩ ሜዳ ተፈልጎና ሰልጥኖ መምጣት አለበት።