ግርዶሽ መጠበቅ የሰለቸው ሰው

ኢኮኖሚክስ ስማር የሁሉ ነገር መነሻ እጥረት ነው ተብዬ ነበር። የፀሐይ ኮሮና (ቫይረሱን አይደለም የምላችሁ!) ማለትም የውጨኛው ከባቢዋ፣ ድሮ የሚታየው በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ያውም ለጥቂት ደቂቃ። ደመና ከመጣ ደግሞ ድካሙ ሁሉ ከንቱ።

በ1897 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ፓሪስ የተወለደው በርናር ሊዮ ይሄን እጥረት ሰበረው። ዘዴው ሲያወሩት ቀላል ነው፦ ቴሌስኮፕ ውስጥ ትንሽ ክብ መከለያ አስገብቶ የፀሐይን ፊት መጋረድ። ከሱ በፊት የሞከሩት ግን አልሆነላቸውም። ኮሮና ከፀሐይዋ ፊት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ስለሚደበዝዝ፣ ሌንሱ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ወይም ብናኝ የምትበትነው ብርሃን ይውጠዋል። ሊዮ ሌንሱን እንከን እስኪያጣ ድረስ አስለሰለሰ፤ ከዚያ አየሩ ወደጠራበት ፒክ ዱ ሚዲ ተራራ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ወጣ። በ1931 ኮሮናን ያለ ግርዶሽ ፎቶ አነሳው። በኋላም ከፀሐይ ጠርዝ የሚወረወሩትን ግዙፍ የጋዝ ነበልባሎች በፊልም ቀረጸ። ለእኔ ትልቁ ሥራው ይሄ ነው።

በ1995 የመጠቀችው ሶሆም የፀሐይን ፍንዳታ ስትከታተል የቆየችው በዚሁ የመጋረድ ዘዴ ነው። ፍንዳታው ስልካችሁ ላይ ያለውን ጂፒኤስ ሳይቀር ሊረብሽ ይችላል።

የሚገርመው፣ ሊዮ ግርዶሽን ራሱን አልተወም። በ1952 እዚሁ ጎረቤታችን፣ ካርቱም ድረስ መጥቶ አየ። ሲመለስ ካይሮ አካባቢ ባቡር ላይ ልቡ ቆመ። 55 ዓመቱ ነበር።