በሌሊት የተቀበረው ተዋናይ፤ ሞሊየር

በትንሣኤ በዓል ቅዱስ ቁርባንን መቀበል ለአንድ ክርስቲያን የዓመቱ ታላቅ ጸጋ ነው። ከ350 ዓመታት በፊት በፓሪስ ከተማ ይኖር የነበረ አንድ ዝነኛ ተዋናይ ግን በፋሲካ መቁረቡ፣ ከሞተ በኋላ የመቃብር ሥፍራ ያገኝ ዘንድ በማስረጃነት ቀርቦለታል። ይህ ሰው በዓለም የተውኔት ታሪክ ሞሊየር በሚል ስም የሚታወቀው ዣን ባፕቲስት ፖክለን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞሊየር ጃንዋሪ 15 ቀን 1622 በፓሪስ በቅዱስ ኤውስታሽ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ። አባቱ ለንጉሡ ቤት መጋረጃና የወንበር ልብስ የሚያዘጋጅ፣ በቤተ መንግሥትም ማዕረግ የነበረው ሰው ነው። እናቱን በ10 ዓመቱ ያጣው ይህ ብላቴና በኢየሱሳውያን ካህናት ትምህርት ቤት ተማረ። የአባቱ ማዕረግ በውርስ የሚተላለፍለት በመሆኑ የተደላደለ ኑሮ ይጠብቀው ነበር። እርሱ ግን በ1643 ማድለን ቤዣር ከምትባል ተዋናይት ጋር ሆኖ የቲያትር ቡድን አቋቋመ።

ምርጫው ከባድ ዋጋ የሚያስከፍል ነበር። በጊዜው በነበረው የፓሪስ ሀገረ ስብከት ሥርዓት መሠረት፣ ተዋናይ የሆነ ሰው ሙያውን ካልካደ በቀር ከቁርባን ይከለከል፣ ሲሞትም ፍትሐት ይነፈገው ነበር። አፈጻጸሙ እንደየካህኑ ቢለያይም ዛቻው ከማንኛውም ተዋናይ ራስ ላይ አይወርድም ነበር።

የቲያትር ቡድኑ ብዙም ሳይቆይ ከሰረ፤ ሞሊየርም በ1645 በዕዳ ታሰረ። ከእስር ከወጣ በኋላ ከማድለን ጋር ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ለ13 ዓመታት ያህል ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ተጫወተ። በዚህ ዘመን ደጋፊው የነበረው ልዑል ደ ኮንቲ፣ ወደ ጥብቅ ሃይማኖተኛነት ከተመለሰ በኋላ ድጋፉን ነፍጎ የቲያትር ተቃዋሚ ሆነ። ሞሊየርም የወዳጅን ጀርባ የቀመሰው ያኔ ነው። በ1658 ወደ ፓሪስ ተመልሶ በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ፊት ሲጫወት ግን ንጉሡ ወደዱት፤ የሚሠራበትም አዳራሽ ተሰጠው።

በ1662 የ40 ዓመቱ ሞሊየር አርማንድ ቤዣር የተባለችውን ወጣት ተዋናይት አገባ። አርማንድ የማድለን እኅት ናት ተብሎ በጋብቻው ውል ቢመዘገብም፣ ልጇ ናት የሚሉ ነበሩና ጠላቶቹ በዚሁ ጋብቻ ስሙን አጎደፉት። በተከታዩ ዓመት በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ባቀረበው አንዲት አጭር ተውኔት ሞሊየርና ጓደኞቹ በገዛ ስማቸው ራሳቸውን ሆነው ተጫወቱ። ንጉሡ ሊመጡ ሰዓት ሲቀረው ልምምዳቸውን ያልጨረሱ ተዋንያን ጭንቀት፣ የባልና ሚስት መነቋቆር ሳይቀር፣ በመድረክ ላይ ታየ። ሞሊየር ተውኔትን ከዜማና ከውዝዋዜ ጋር አዋሕዶ በማቅረብም በፈረንሳይ አዲስ ፈር ቀደደ።

ከሃይማኖት ሰዎች ጋር ያጋጨው ሥራ በሜይ 1664 በቬርሳይ የቀረበው ታርቲፍ ነው። ታርቲፍ ጸሎተኛ መስሎ በአንድ የዋህ ባለጸጋ ቤት ገብቶ የሰውየውን ሀብት የሚጠቀልል፣ ሚስቱንም የሚመኝ አስመሳይ ነው። በተውኔቱ ውስጥ እውነተኛውን መንፈሳዊ ሰው ከአስመሳዩ ለይቶ የሚያስረዳ ገጸ ባሕርይም አለ። ሆኖም ተውኔቱ ለሕዝብ እንዳይታይ ታገደ፤ አንድ ካህን ደራሲው በእሳት ሊቃጠል ይገባዋል ሲል ጻፈ። በ1667 ተሻሽሎ አንድ ቀን ብቻ እንደታየ እንደገና ታገደ፤ የፓሪስ ሊቀ ጳጳስም የሚያየውን፣ የሚያነበውንና ሲነበብ የሚሰማውን ሁሉ አወገዙ። በነፃነት የታየው በፌብሩዋሪ 1669 ነበር።

ማድለን ቤዣር ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1672 ዐረፈች። ከመሞቷ በፊት ሙያዋን በመካዷ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተቀበረች። ሞሊየር በዚያን ጊዜ በሳል በሽታ ይሠቃይ ነበር። በተከታዩ ዓመት ማርክ አንትዋን ሻርፓንቲየ ዜማውን የደረሰለትን የመጨረሻ ተውኔቱን አቀረበ፤ ታሪኩ ሳይታመም ታምሜያለሁ እያለ ሐኪሞችን ስለሚያስቸግር ሰው ነው። ይህንን ጤነኛ የተጫወተው በእርግጥ በሞት አፋፍ የነበረው ደራሲ ራሱ ነበር። በተውኔቱ ውስጥ ይኸው ሰው፣ ሞሊየር የሚባለው ጸሐፊ ቢታመም ሐኪሞች ሳይረዱት ይሙት ብሎ ሲራገም ይሰማል።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1673፣ ማድለን በሞተች ልክ በዓመቱ፣ ተውኔቱ ለ4ኛ ጊዜ ሲታይ ሞሊየር በመድረክ ላይ ሳለ ሕመሙ ጸናበት። እንደ ምንም ጨርሶ ወደ ቤቱ ተወሰደና ካህን እንዲጠራለት ጠየቀ። በተጠመቀበት የቅዱስ ኤውስታሽ ደብር የነበሩ ሁለት ካህናት እምቢ አሉ፤ ሦስተኛው ሲደርስ አልፏል። በሞቱ ሰዓት አጠገቡ ከነበሩት መካከል ለዐቢይ ጾም ምጽዋት ሊሰበስቡ መጥተው በቤቱ ያሳደራቸው ሁለት መነኮሳይያት ይገኙበታል።

የደብሩ አለቃ መቃብር ከለከሉ። አርማንድ ለሊቀ ጳጳሱ ባቀረበችው ማመልከቻ ባሏ ካህን መጠየቁንና ባለፈው ፋሲካ መቁረቡን አስረዳች፤ ለንጉሡም አቤት አለች። በመጨረሻም ሁለት ካህናት ብቻ ባሉበት፣ ከመሸ በኋላ፣ ያለ አንዳች ክብረ በዓል እንዲቀበር ተፈቀደ። ፌብሩዋሪ 21 ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ችቦ የያዙ ወዳጆቹ አጅበውት በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ዐረፈ።

በ1680 የተመሠረተው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቲያትር እስከ ዛሬ የሞሊየር ቤት እየተባለ ይጠራል፤ በመጨረሻው ቀን የተቀመጠበት ወንበርም በዚያ ይገኛል። ታርቲፍም በጸጋዬ ገብረ መድኅን ብዕር ወደ አማርኛ ተመልሶ ለእኛም ደርሷል። እግዜርን መፍራትና ፈሪ መስሎ መታየት ምን ያህል እንደሚራራቁ ሊያሳይ የደከመው ይህ ሰው፣ በመጨረሻዋ ሰዓት የለመነው ካህን ነበር። ያንን ልመና ሰምታ እስከ ዙፋንና እስከ መንበር ድረስ ያደረሰችለት ሚስቱ ናት።